ሙህዲን የተሸነፈ ዕለት

አዋሳ፣ ኅዳር 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ አምሳሉ፣

እንደ ወጉ «እኔ በጣም ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር። እርስዎ ግን ባለፈው ደብዳቤዎ «ደህና ነኝ የምትለውን ቃል ትተሽ እውነቱን ጻፊልኝ» ስላሉኝ ተውኩት። እርስዎ፣ እትዬ ወርቄና ልጆቹ እንደምን ከርማችኋል? እኔ ወድቄ ነበር።

ማን እንደነገረዎ አላውቅም፤ የነገረዎ ሰው ግን አጋኖታል። የወደቅሁት መንገድ ላይ ሳይሆን ቢሮ ውስጥ ነው። ታይፕ እየመታሁ ነበር፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለውን ጽፌ ሳልጨርስ ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ አለቃዬ በፋይል ሽፋን እያራገቡልኝ ነበር። ምንም አልተሰበረብኝም። ሐኪም ቤት ወሰዱኝና የደም ግፊት ነው ተባልኩ።

«ለምን ጠፋሽ?» ላሉኝ፣ የምጽፈው ነገር አጥቼ ነው። ጉልላት ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ አንድ ነገር ሆኛለሁ። አይከፋኝም፣ አላለቅስም። አንድ ልጇ ጦር ሜዳ ያለ እናት ታለቅሳለች ብለው ጎረቤቶቼ ይጠብቃሉ፤ እኔ ግን እንባው የለኝም። ምግብ ሲቀርብ እበላለሁ፣ ምን በላሽ ቢሉኝ አላውቅም። ብዙ የተቀመጡበት እግር እንደሚደነዝዝ ሁሉ እኔን መላ አካላቴን ደንዝዞኛል።

ስለ እሱ ጠይቀዋል። የመጨረሻው ደብዳቤው የመጣው በመስከረም መጨረሻ ነው። ደህና ነኝ ይላል። እሱም ይህችን ቃል ይወዳታል፤ የቤታችን በሽታ ናት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ጉልላትን በጥቂት ዓመት ቢበልጠው ነው። ጨው ከለከለኝ፣ ክኒን ሰጠኝ፣ ከዚያ «እማማ፣ ቀኑን ተቀምጠው ይውላሉ፣ ማታም ተቀምጠው ያመሻሉ። ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ፣ ክኒኑ ብቻውን አይችልም» አለኝ። «ምን ላድርግ ታዲያ፣ ልሩጥ?» ብለው «መሮጥ ካልቻሉ ይጫወቱ» አለኝ። በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ ባል ቀብሬ፣ ልጅ አሳድጌ፣ ልጫወት!

ይህንኑ ለከበቡሽ ነገርኳት። ያስታውሷታል፣ ከአጥሬ ማዶ ያለችው፣ የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር። በነጋታው ስሜን አስመዝግባ መጣች። ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወቻ አለ። የወጣቶች ማኅበር ነበር የሚጫወትበት፤ አሁን ወጣቶቹ ስለዘመቱ ጠረጴዛው ሥራ ፈትቷል። እኛ አሮጌዎቹ ወረስነው።

ትናንት ሄድኩ። ጠረጴዛው የሠፈር አናጢ ከኮምፔርሳቶ የሠራው ነው። መረቡ ከሐይቅ ዳር ዓሣ አጥማጆች የተገኘ ቁራጭ ስለሆነ እስካሁን ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ረጅሙን ጉርድ ቀሚሴን ለብሼ ራኬት ያዝኩ። ኳሷን አንድ ጊዜም አልመታኋትም። ከበቡሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም፣ አላፈርኩምም። ኳሷን ለማንሳት ጎንበስ ቀና ስል ውዬ ዛሬ ወገቤን ያመኛል። መታመሙ ግን ታወቀኝ፤ የሆነ ነገር ከታወቀኝ ሰንብቷልና ይህንንም ልጻፍልዎ ብዬ ነው።

እህትዎ ታቢታ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእህቴ ለታቢታ፣

ጌታ ይመስገን፣ ደብዳቤሽ ደረሰኝ። እኔ አነበብኩት፣ ወርቄ አነበበችው፣ ልጆቹ አነበቡት፣ የመጋዘናችን ሹፌር ወልደጻድቅም ሳይቀር አነበበው። አትቆጪኝ። እህቴ የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋች ሆነች ብለው አላምን ስላለኝ ነው ያሳየሁት። አሁን በተገናኘን ቁጥር «ተጫዋቿ እንዴት ናት?» ይለኛል።

የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። አዎ፣ እኔም ግፊት አለብኝ ብለውኛል፤ ትንሽ ናት፣ አብራኝ ታርጅ ብዬ ትቻታለሁ። አይ፣ እኔ ምንም አልጫወትም። የሐሙሱ ጸሎታችን እንዳለ አለ፤ ቤቱ ብቻ ተቀይሯል። እነማን እንደሚመጡ ስንገናኝ አጫውትሻለሁ።

«ስሜቴ ሞቷል፣ ይህ ኃጢአት ነው ወይ?» ብለሽ በኅዳሩ መጨረሻ የጻፍሽው ላይ ብዙ አሰብኩ። እኔ መጋቢ አይደለሁም፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነኝ። ግን ኃጢአት አይመስለኝም። ሰው ከአቅሙ በላይ ሲፈራ እንዲህ ይሆናል። ልጅሽ ተመልሶ በር ሲያንኳኳ ያ ሁሉ የቆመ እንባ ባንድ ጊዜ ይወጣልሽና ጎረቤት ይሰበሰባል፣ አንቺም ታፍሪያለሽ። እስከዚያ ኳስሽን ምቺ።

እዚያ ኳስ ጠፍቷል ስላልሽ መርካቶ ወርጄ የቻይና ኳስ ገዛሁልሽ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በወልደጻድቅ እጅ ይደርስሻል። ነጋዴው «ልጆችዎ ስንት ናቸው?» አለኝ። «ለልጅ አይደለም፣ ለእህቴ ነው፣ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው» አልኩት። ገንዘቤን ሊመልስልኝ ምንም አልቀረው። ወርቄ ደግሞ ጉርድ ቀሚሱን ትንሽ ታሳጥረው ብላሻለች፤ እኔ ይህን አልሰማሁም።

ለጉልላት ስትጽፊ ከአጎቱ ሰላም በይው። ስሙን ሳላነሳ ውዬ አላውቅም።

ወንድምሽ አምሳሉ


አዋሳ፣ የካቲት 9 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ኳሶቹ ደርሰዋል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንዷን ሙህዲን ረገጣትና ጎደጎደች። ከበቡሽ ፈላ ውሃ ውስጥ ብትከታት ተመልሳ ቀና አለች። ሙህዲንም «እኔ አልረገጥኳትም፣ ድሮም እንዲህ ነበረች» ብሎ ድርቅ አለ።

ሙህዲን ማነው ብለዋል። መሃል ከተማ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጠው ነው፤ የልጄን የትምህርት ቤት ካኪ ሁልጊዜ ከእሱ ነበር የምገዛው። እሱንም ቦርጩን አይቶ ያው ሐኪም ነው የላከው። ጥሩ ሰው ነው፤ ራኬት እስኪይዝ ድረስ። ራኬት ከያዘ ግን ለገዛ እናቱ አንድ ነጥብ አይለቅም። ኳሷ ከጠረጴዛው ክንድ ያህል ርቃ ወድቃ እንኳ «ወላሂ ነክታለች! ጠርዙን ነክታለች እትዬ ታቢታ፣ ድምጿን አልሰሙም እንዴ?» ይላል። ከበቡሽ «አልነካችም» ስትለው «አንቺ ሊቀመንበር ነሽ እንጂ ዳኛ አይደለሽም» ይላታል። አንድ ቀን ከአዳራሹ ጥበቃ ጋር በዚሁ ተጣልቶ ሳምንት ሙሉ አልተነጋገሩም። እኔን ከጀመርን አንስቶ በየቀኑ አሸንፎኛል። አሸንፎ ዝም አይልም፤ ደግሞ በነጋታው ሱቁ ስገባ ደንበኛ ፊት ይነግርብኛል።

ስለ ጤናዬ ጠይቀዋል። ግፊቴ ትንሽ ወርዷል። ድሮ ከቤቴ እስከ መሃል ከተማ ስሄድ ሁለት ቦታ ቆሜ ትንፋሼን እሰበስብ ነበር፤ አሁን ሳልቆም እደርሳለሁ። እንቅልፍ ይወስደኛል። ባለፈው እሑድ ከሐይቅ ዳር ቆሮሶ ገዝቼ ጠበስኩ፣ ዓሣው ዓሣ ዓሣ አለኝ፤ ይኼ ለሌላ ሰው ወሬ አይደለም፣ ለእኔ ግን ወሬ ነው። የእጄ ጡንቻ ጠንክሮ ታይፕ ስመታ ፊደሉ ወረቀቱን ይበሳል ብለው አለቃዬ ተቆጡኝ። ልቤ ብቻ እንደነበረች ናት። ደስ ሊለኝ ሲገባ አይለኝም፤ ደግሞ አይከፋኝም። በየደብዳቤው ግርጌ ስለ ጦር ግንባሩ የምንጽፈውን መፈክር ቀኑን ሙሉ ስመታ እውላለሁ፤ እጄ ይመታዋል እንጂ እኔ አላነበውም።

ጉልላት ጻፈልኝ! ይህን መጀመሪያ ልጽፍ ነበር፤ ሙህዲን አስረሳኝ። በጥር የተጻፈ ነው። ቴኒስ መጫወቴን ነግሬው ነበርና ለጓደኛው ለደረሰ አንብቦለት ሁለቱም መሬት ላይ ተንከባለው እንደሳቁ ይጽፋል። «እማዬ፣ ስመጣ በግራ እጄ ነው የምገጥምሽ፣ ይህም ለክብርሽ ነው» ይለኛል። ሳነበው ሳቅሁ። የገዛ ሳቄን ሰምቼ ዞር ብዬ አየሁ፣ ሰው የገባ መስሎኝ።

መቼ ይመለሳል ላሉኝ፣ አገልግሎቴ በሐምሌ ያልቃል ይላል። ይለቁታል ወይ የሚለውን ግን እኔም አልጠየቅሁት፣ እሱም አልጻፈም።

እህትዎ ታቢታ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለታቢታ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ እንደምን ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ወርቄ ደህና ናት፣ ልጆቹም ደህና ናቸው።

ደብዳቤዎችሽ ተከታትለው ደርሰውኝ መልስ ሳልሰጥ በመቅረቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። መጋዘኑ ቆጠራ ላይ ስለነበር ጊዜ አጣሁ። ለፋሲካ እመጣለሁ ብዬ የቀረሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ጠብቀሽኝ እንደነበር አውቃለሁ። ዶሮውን ለማን አበላሽው?

ግፊትሽ እንዴት ነው? ሐኪሙ ምን አለ? የተናገረውን እንዳለ ጻፊልኝ። ስለ ልብሽ የተናገረው ነገር አለ? ክኒኑን ሳታቋርጪ ትወስጃለሽ? ብቻሽን ስትሆኚ ያዞርሻል? ከበቡሽ አንቺ ዘንድ እንድታድር ብትጠይቂያት ምን ይመስልሻል? እኔም ልጽፍላት እችላለሁ።

ስለ ጉልላት ጠይቀሻል። ከመጋቢት ወዲህ ከሰሜን ደብዳቤ የመጣለት ሰው የለም፤ ይህ በሁሉም ቤት ያለ ነው። ጓደኛው ደረሰ ቆስሎ እዚህ ሆስፒታል እንደገባ የሰማሽው እውነት ነው። ሄጄ ጠይቄዋለሁ። እግሩን ነው፤ ይድናል ብለዋል። ብርቱካን ወሰድኩለት። ደክሞት ስለነበር ስለ ጉልላት አላወራንም።

ቴኒሱን አትተዪ። እባክሽን ታቢታ። ቢዘንብም፣ ቢደክምሽም፣ ሰው ቢስቅብሽም አትተዪ። ሰውነትሽ ሲጠነክር እኔ ራሴ እመጣለሁ። አሁን ግን ዋናው ጤናሽ ነው፣ ከጤናሽ በፊት የሚቀድም ምንም ነገር የለም። ሸራ ጫማ ልኬልሻለሁ፤ ወልደጻድቅ ለሥራ ወደዚያ ስለሚወርድ ይዞልሽ ይመጣል። ቁጥሩን በግምት ነው የገዛሁት።

ደብዳቤዬ ላይ የሚያስቅ ነገር የለም ብለሽ እንዳታዝኚብኝ። ለዛሬ አልመጣልኝም።

ወንድምሽ አምሳሉ


አዋሳ፣ ግንቦት 6 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ጫማው ልክ ነው፣ ተመስገን። የደረሰኝ ግን በከበቡሽ እጅ ነው። ወልደጻድቅ መኪናውን ደጄ ላይ አቁሞ፣ የእኔን በር አልፎ ከበቡሽ ቤት ገባ። አጥሬ ሥር ጎመን እየቀነጠስኩ አየሁት። ብዙ ቆየ። ሲወጣ «ወልደጻድቅ!» ብዬ ብጠራው እጁን ከሩቅ አነሳልኝና ተሳፍሮ ሄደ። ያ ባገኘዎ ቁጥር «ተጫዋቿ» እያለ የሚያሾፍብኝ ሰው ምን ነካው? ከበቡሽን ብጠይቃት «ስለ ቸኮለ ነው» አለችኝ። ሻይ ሁለት ጊዜ ሲቀዳለት እስከ አጥሬ ድረስ ይሰማ ነበር።

ዶሮውን ለማን አበላሽው ላሉኝ፣ ለሙህዲን ልጆች ሰጠኋቸው።

ደረሰን ሄደው አይተውት ስለ ጉልላት አላወራንም ይላሉ። እሺ።

ስለ ቴኒሱ ጠይቀዋል። አልተውኩም። አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ፣ ልንገርዎ። ወልደጻድቅ መጥቶ በሄደ በሳምንቱ ሙህዲንን አሸነፍኩት። መጀመሪያ ራሴን አድንቄ ነበር። ሁለተኛው ጨዋታ ላይ ኳሷ በቀጥታ ወደ ቀኝ እጄ፣ ቀስ ብላ፣ ዘንበል ሳትል ስትመጣ አየኋት። ሙህዲን እንዲህ መትቶ አያውቅም፤ እሱ የሚመታው ሰው ሊያሳብድ ነው። የእኔን ደግሞ መረብ ላይ ይመልሳታል። አንዷ ኳስ በእርግጥ ጠርዝ ነክታ ወደቀችለት፤ እኔ ራሴ ነክታለች አልኩ። እሱ «አይ፣ አልነካችም፣ ነጥቡ የእርስዎ ነው» አለ። ጥበቃው ኮፍያውን አውልቆ ወጣ። ከበቡሽ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ታስር ጀመር፤ ጫማዋ ማሰሪያ የለውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁሉም ይሸነፍልኛል። ሱቁ ስገባ ሙህዲን አሸናፊነቱን አያወራም፤ ወንበር ያቀርብልኛል። ቢሮ ውስጥ ደግሞ አለቃዬ የጦር ግንባር መፈክር ያለበትን ደብዳቤ ሁሉ ለሌላዋ ታይፒስት መስጠት ጀምረዋል። ለእኔ የሚሰጡኝ ስለ ማዳበሪያና ስለ ዘር ብቻ ነው።

ግፊቴን ጠይቀው ነበር። አልወረደም። እንዲያውም ብሷል። ሐኪሙም አልጠነከረችም፣ ገና ናት ብሏል። ስለዚህ አሁን እንዳይመጡ። ሰሞኑን ለእንግዳ የሚሆን አቅም የለኝም።

እህትዎ ታቢታ


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 5 ቀን 1980 ዓ.ም.

ታቢታ፣

ግራ ገብቶኛል። ከበቡሽ ሐኪም ቤት አብራሽ እንደገባች፣ ሐኪሙም ግፊቷ ወርዷል፣ ልቧ የሃያ ዓመት ልጅ ልብ ነው ብሎ እጅሽን ጨብጦ እንደሸኘሽ ጽፋልኛለች። አንቺ ብሷል ትያለሽ። የትኛችሁን ልመን? አልቆጣም፣ ንገሪኝ ብቻ።

ወርቄና እኔ፣ ሁለት ሽማግሌም ጨምረን፣ ሻሸመኔ ለአንድ ጉዳይ ስንወርድ በዚያው አንቺ ዘንድ ብቅ ልንል አስበን ነበር። ጉዳዩ የመሬት ነገር ነው፣ አንቺን አይመለከትም። አውቶብስ ተራ ድረስ ሄድን። ትኬት ተቆርጦ፣ ዕቃ ተጭኖ፣ እኔ ከደረጃው ላይ ተመለስኩ። ሽማግሌዎቹን ይቅርታ ጠይቄ ቤቴ ገባሁ። ባለፈውም ጊዜ እንዲሁ ሆኜ ነበር፤ ያኔ ብቻዬን ስለነበርኩ ማንም አላየኝም።

ለምን ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። ወርቄ ትቆጣኛለች፤ መብቷ ነው። ምግብ አይወርድልኝም፣ ሱሪዬ ሰፍቶኛል። ጸሎት ቤት የሄድኩ ዕለት ሰዎቹ ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ ቀድሜ እወጣለሁ።

ቴኒሱን አትተዪ።

አምሳሉ


አዋሳ፣ ሰኔ 24 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ አምሳሉ፣

የጠየቁኝን አስቀድሜ ልመልስ። ከበቡሽ እውነቷን ነው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ግፊቴ ወርዷል። ሐኪሙ እጄን ጨብጦ ሸኝቶኛል። እንደ እኔ የዳነ በሽተኛ የለም፣ ለሌሎቹ በሽተኞች ምሳሌ አደርግዎታለሁ ብሎ ስሜን ጽፏል።

ለምን እንደዋሸሁ ደግሞ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ሙህዲን የተሸነፈ ዕለት ገባኝ። ሙህዲን ለሕያው ልጅ እናት አይሸነፍም። ቤቴ ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ሸራ ጫማዬን ሳላወልቅ ነጋ። አላለቀስኩም። ያልተነገረኝን ምን ብዬ ላልቅስ?

እኛ ዘንድ መርዶ በደብዳቤ አይጻፍም። በሽተኛም ከሆነ እስኪድን ይጠበቃል። እኔም ለስንቱ እንዲህ አድርጌያለሁ፤ ጎሕ ሳይቀድ ከሽማግሌዎች ኋላ ቆሜ የሰው በር ሲንኳኳ ሰምቻለሁ። እናም አሰብኩ፦ እኔ እስካልዳንኩ ወንድም ጋሼ አይመጣም፤ ወንድም ጋሼ እስካልመጣ ልጄ ደብዳቤው የዘገየበት ወታደር ነው። ስለዚህ በሽተኛ ሆኜ ልቀመጥ ብዬ ነበር። ሐኪሙ አጠገቤ ቆሞ ሲስቅልኝ እኔ የማስበው ምን ብዬ እንደምዋሽዎ ነበር።

ሰውነቴ ግን እምቢ አለኝ። ራኬቱን ልተወው ብዬ ሞከርኩ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እግሬ ራሱ ይነሳል። ክኒኑን አልወስድም ብዬ ነበር፤ ሳልወስድም ግፊቱ አልወጣም አለ። ምግብ ይጣፍጠኛል፣ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ጠዋት ስነሳ ጉልበቴ ሙሉ ነው። ያለ ልጄ ይህን ጤና ምን ላደርገው ነው እያልኩ እፈራ ነበር። ወንድም ጋሼ፣ ጤንነት እንዲህ ያስፈራል ብሎ የነገረኝ ሰው የለም።

ባለፈው ሳምንት አዳራሹ ውስጥ ሙህዲንን «እንደ ድሮው ተጫወት» አልኩት።

«እየተጫወትኩ ነው እኮ፣ ወላ…» አለና መሐላውን ሳይጨርስ ተወው። ራኬቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እትዬ ታቢታ፣ ጠንቀቅ በሉላት ብለውን ነው። እኔ እንዴት እንደሚጠነቀቁ አላወቅኩበትም። ሱቅ ውስጥ ቢሆን አቡጀዲ ጨምሬ እለካልዎ ነበር።»

ከበቡሽ «ዝም በል!» ብላ ጮኸች።

«ይናገር፣ አትከልክይው። አንተ ግን ሙህዲን፣ ምን እንደሆነ እንዳትነግረኝ። እሱ የወንድሜ ሥራ ነው። አንተ ምታ ብቻ» አልኩት።

መታ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላ እንደ ድሮው። ፊቱ ሁሉ እንባ ሆኖ እያለቀሰ አሸነፈኝ። መጨረሻ ላይ ኳሷ ከጠረጴዛው ርቃ ወድቃ «ነክታለች» አለ። «አልነካችም!» ብዬ ጮህኩበት። «ነክታለች እትዬ ታቢታ!» «አልነካችም ብያለሁ፣ አንተ ውሸታም!» ጥበቃው ሊገላግለን ሮጦ መጣ። እውነት ተቆጥቼ ነበር። ደረቴ ውስጥ አመመኝ። ግፊት መስሏት ከበቡሽ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ፤ ተለካሁ፣ ምንም የለም። ለካ የሚያመኝ ሌላው ነው። ዓመት ከደነዘዝኩ በኋላ ሲያመኝ ምን እንደሆነ መለየት አቅቶኝ ነበር።

እትዬ ወርቄ የጻፈችልኝን አይጠይቋት፣ አይቆጧትም። ከአልጋ አይነሳም ብላኛለች። መጋዘኑም እስኪሻልዎ ዕረፍት ይውሰዱ ብሎዎታል አሉ። ከመጋቢት ጀምሮ ብቻዎን ተሸክመውታል፤ እኔ ስድን እርስዎ ታመሙ። ከእንግዲህ እዚህ ድረስ ተሸክመው መምጣት አይችሉም፤ ከደረጃው ላይ የመለሰዎ ፍርሃት አይደለም፣ እኔ ይገባኛል።

ሰው መርዶውን ሊቀበል አውቶብስ ተሳፍሮ ሄደ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ነውርም ይሆን ይሆናል። ከበቡሽ ብነግራት እንደማትለቀኝ ስለማውቅ አልነገርኳትም፤ ኋላ ታዝንብኛለች፣ ታርቀኝ ይሆናል። ይህን ደብዳቤ ነገ በማለዳ፣ ለሥራ መጥቶ እዚህ ላደረው ለወልደጻድቅ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ማታውኑ ያደርስልዎታል። እኔ ከነገ ወዲያ ዝዋይ ላይ ምሳ በሚቆመው አውቶብስ እመጣለሁ። ሽማግሌ አይጥሩ። አውቶብስ ተራም ሰው አይላኩብኝ፤ ከዚያ እስከ ቤትዎ ያለውን ዳገት ሳላርፍ እወጣዋለሁ፣ አቅሙ አለኝ።

በሩን እርስዎ ይክፈቱልኝ። እንደምን ከረምሽ አይበሉኝ፣ ጤናዬንም አይጠይቁኝ፤ ደህና ነኝ። እትዬ ወርቄም ወንበር አታምጣልኝ። ቆሜ ነው የምሰማዎ። የልጄን ስም ይጥሩና ይንገሩኝ።

እህትዎ ታቢታ